ነፋስ እንዳይመታት

"አባ፣ በቃ! ሁሉም ገብተዋል እኮ!"

"አንድ ደቂቃ። ቀና በይ።"

ሳህሉ የነጠላውን ጫፍ በልጁ አንገት ለሁለተኛ ጊዜ አዙሮ፣ አፏንና አፍንጫዋን ሸፈነና የተረፈውን ከዓይን መከላከያ ማስኩ ሥር ወደ ላይ ወተፈው። ጓንቱን አውልቆ ስለነበር ጣቶቹ የሌላ ሰው ጣት መስለውታል። ስልኩ ስድስት ዲግሪ ፋራናይት ይላል፤ ያውም ነፋሱን ሳይጨምር። ነፋሱ ደግሞ የፓርኪንጉን በረዶ እንደ ዱቄት እያነሳ ፊት ላይ ይበትናል።

"ዳኛዋ ከማስኩ ሥር ምንም ነገር እንዳታደርጉ ብላለች" አለች ኢየሩሳሌም፤ ድምፅዋ ከነጠላው ውስጥ ታፍኖ።

"እሷ እዚሁ ሚኔሶታ ተወልዳ ያደገች ናት። የሷ ሳንባ ሌላ ነው።"

"እኔም እዚህ ነው የተወለድኩት።"

"ሳንባውን የሰጠንሽ ግን እኛ ነን።"

ልጅቷ ልትከራከር ብላ ተወችው። ጠመንጃዋን አንስታ ወደ ጫካው በር ሮጠች። ሳህሉ "በረዶው ያንሸራትታል፣ ቀስ!" ሊል የከፈተውን አፍ መልሶ ዘጋው። ልጁ ስትሮጥ ካየ ስምንት ወር አልፎታል።

ሳህሉ ኤደን ፕሬሪ ውስጥ ባለ አንድ ዌርሃውስ ፎርክሊፍት ይነዳል። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሲነዳ እንኳን ሰው ካርቶን ገጭቶ አያውቅም። የጫማ ክሩን ሳያስር የሚራመድ አዲስ ሠራተኛ ካየ ምሳውን ጥሎ ይነሳል። ኒው ሆፕ ባለው አፓርታማቸው ደግሞ የጭስ መጠቆሚያውን "ይሠራ እንደሆነ" እያለ በወር ሁለት ጊዜ አስጩሆ ሙሉውን ፎቅ በካልሲ ደረጃ ላይ የሚያስወጣ እሱ ነው። ጎረቤት ለምዶታል። አንዳንዱም ሲጮህ "ሳህሉ ነው" ብሎ ተመልሶ ይተኛል፤ ይህም ራሱ አደጋ ነው ብሎ ሳህሉ ይጨነቃል።

እንዲህ ያለ ሰው ልጁን ኤርሶፍት ሊያጫውት ሲነሳ ዝግጅቱ የዘመቻ ዝግጅት ቢሆን አይገርምም። ኤርሶፍት ማለት በሁለት ቡድን ተከፍሎ ጫካ ውስጥ በትናንሽ የፕላስቲክ ጥይት መታኮስ ነው፤ የተመታ "ተመታሁ" ብሎ ይወጣል። ሳህሉ ሳምንቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያይ ሰነበተ። ጥጥ ልብስ ላብ ይይዛል፣ ላብ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ጥጥ በክረምት ጫካ አይለበስም ሲሉ ሰማና የልጁን የጥጥ ካናቴራ በሙሉ ከቁም ሳጥን አውጥቶ ደበቀ። የሱፍ ካልሲ ሁለት ሁለት፣ የእጅ ማሞቂያ ከረጢት ስድስት፣ ብርድ እንዳይገድለው የጠመንጃው ባትሪ በውስጥ ኪስ። ዛሬ ጠዋትም ነጠላውን ያሰረላት ለጥጥ ያን ያህል ጠላት ከሆነ በኋላ ነው። ነጠላ ግን ለሱ ጥጥ አይደለም። ነጠላ ነጠላ ነው።

ጠመንጃው እዚህ እስኪደርሱ በተቆለፈ ሳጥን የመኪናው ትራንክ ውስጥ ነበር። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ነግሯታል።

"አንቺ አሻንጉሊት መሆኑን ታውቂያለሽ። ከሩቅ የሚያይሽ ፖሊስ ግን የሚያየው ጥቁር ልጅና ጠመንጃ ነው። ከበሩ በፊት ሳጥኑ አይከፈትም።"

"አይ ኖው፣ አባ።"

"እወቂው። እኔም እያወቅሁት ነው የምደግመው።"

እና ይህን ሁሉ የሚፈራ ሰው ለምን እሺ አለ? ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ነው።

ኢየሩሳሌም አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በግንቦት አንድ ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድም አለች፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ። ክፍሏን ዘጋች። እናቷ ቲጂ ምግብ በሩ ሥር ታስቀምጣለች፤ ከሥራ ስትመለስ እንዳለ ታነሳዋለች። ምን ሆንሽ ቢሏት "ምንም"። ማን አስቀየመሽ ቢሏት "ማንም"። የንስሐ አባታቸው መጥተው ጸለዩላት። ሰባት ቀን ጸበል ወሰዷት፤ ሳትከራከር ሄደች፣ ሳትናገርም ተመለሰች። ሐኪሙ ኪኒን ሰጠ። የምታነጋግራት ባለሙያ ደግሞ ሳህሉን ለብቻው ጠርታ "ከቤት የሚያወጣትን ማንኛውንም ነገር ከጠየቀችህ መጀመሪያ እሺ በል፣ ከዚያ አስብ" አለችው። ስምንት ወር ሙሉ እሺ የሚለው ነገር አጣ። ሳህሉ ልጁ በሕይወት እያለች የሚያለቅስላት ሰው ሆነ፤ ያውም ፎርክሊፍት ላይ፣ ሰው እንዳያየው መደርደሪያ መሃል እየገባ።

ከሦስት ሳምንት በፊት በሩ ተከፈተ። የጓደኛው የኤጀታ ልጅ ቢሊሴ ከጎረቤት ከተማ ከክሪስታል ደውላ፣ ቡድናችን አንድ ሰው ጎደለው ብላታለች። "መሄድ እችላለሁ?" አለች ኢየሩሳሌም።

"እሺ" አለ ሳህሉ፣ ወዴት እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ።

ቲጂ ግን ስትሰማ ጮኸች። "ከጠመንጃ ሸሽተን ናይሮቢ ሰባት ዓመት የተንከራተትነው ልጄ ገንዘብ ከፍላ እንድትተኮስ ነው?" ጮኻ ስታበቃ የሱፍ ካልሲዎቹን የገዛችው ግን እሷው ናት። ዛሬ ጠዋትም ለነርሲንግ ሆም ፈረቃዋ ስትወጣ ነጠላዋን አጥፋ ለሳህሉ ሰጠችው። "አፍና አፍንጫዋን እሰርልኝ። አደራ፣ ነፋስ እንዳይመታት።" ልጅቷ በአራት ዓመቷ የሳንባ ምች ይዟት ዘጠኝ ቀን ኦክስጅን ላይ ተኝታለች። ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት ጠላት አንድ ነው፤ ነፋስ።

የዳኛዋ የማስክ ፍተሻ ላይ ነጠላው አልነበረም። ሳህሉ ፍተሻው እስኪያልቅ ጠብቆ ነው ልጁን ወደ መኪናው የመለሳት።

*

ወላጆች የሚጠብቁት ከብርቱካናማ ገመድ ወዲህ፣ ማሞቂያ ከተተከለበት ድንኳን ሥር ነው። ገመዱን ያለ መከላከያ መነጽር ማንም አያልፍም። ኤጀታ ታጣፊ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ሻይ ይጠጣል። በሥራው ሕመምተኞችን በቫን የሚያመላልስ፣ ሰው ሲጨነቅ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነው።

"ሳህሉ፣ አቦ ተቀመጥ እንጂ! ገመዱ አንተ ካልያዝከው ይወድቃል እንዴ?"

"ቆሜ ይሻለኛል።"

"ቢሊሴ እኮ እስካሁን መቶ ጊዜ ተመትታለች። ምን ሆነች? ቀይ ቀይ ነጥብ ነው የሚወጣባት። የመጀመሪያ ቀን እናቷ ኩፍኝ መስሏት ሐኪም ቤት ወስዳታለች።"

ሳህሉ አልሳቀም። ከጫካው ውስጥ የሚሰማው የጥይት ድምፅ ቆሎ ምጣድ ላይ ሲፈነዳ ይመስላል። እያንዳንዱ ፍንዳታ የልጁን ፊት የሚያገኝ ይመስለዋል።

"ትናንት ደግሞ" አለ ኤጀታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልምምድ አድርሼ ስመልሳቸው መኪናዬ ውስጥ ሳቀች።"

"ማን?"

"ልጅህ።"

ሳህሉ ዞረ። "ኢየሩሳሌም?"

"ቢሊሴ አንድ ነገር አለቻት፣ ሳቀች።"

"ምን ብላት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ በፍጥነት ነው የሚያወሩት። ግን ሳቀች። እስከ ቤት ድረስ።"

ሳህሉ እጁን የሚያሞቅ መስሎ ፊቱን ወደ ማሞቂያው አዞረ። ኤጀታ ለአንዴ እንኳ ዝም ማለት ሆነለት፤ ሻዩን ጠጣ።

ያን ጊዜ ነው ከጫካው ጩኸቱ የመጣው።

"ብላይንድ ማን!"

መጀመሪያ አንድ ድምፅ። ከዚያ አምስት። ከዚያ ጫካው በሙሉ እየተቀባበለ፤ "ብላይንድ ማን! ብላይንድ ማን!" ፊሽካ ረዘም አድርጎ ተነፋ። ፍንዳታው ቀጥ አለ። ጠዋት በገለጻው ላይ ዳኛዋ ነግራቸዋለች፤ የማንንም ዓይን ያለ መነጽር ያየ ሁሉ ይህን ብሎ ይጮሃል፣ ሁሉም መተኮስ ያቆማል። ስለዚህ ሳህሉ ምን እንደተባለ በደንብ ገብቶታል። አሁን፣ እዚያ ውስጥ፣ የአንድ ሰው ዓይን ባዶውን ነው።

"ምንም አይደል፣ የአንዱ መነጽር ወልቆበት..." ብሎ ጀመረ ኤጀታ።

ሳህሉ ጎንበስ ብሎ ገመዱን አልፏል።

"ሳህሉ! መነጽር! አንተ ሰው፣ መነጽር!"

በረዶው ጉልበቱ ድረስ ይውጠዋል። እየወደቀ፣ በእጁ እየተነሳ ሮጠ። አንገቱ ላይ ያለው ሻርፕ አፉ ላይ ወጥቶ ነበርና ትንፋሹ ወደ ላይ እየወጣ የዓይን መነጽሩን ጉም አለበሰው። ዛፉን ማየት ተሳነው። መነጽሩን ከፊቱ ነጠቀና ቆመ።

የቆመው ስለገባው ነው።

ትንፋሽ ፊት ለፊት መውጫ ካጣ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ይህን እኮ እሱ ነው ለሰው የሚያስተምረው። ዌርሃውሱ ውስጥ ማቀዝቀዣ ክፍል አለ፤ እዚያ ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው ሻርፕ አፉ ላይ ማድረግ ክልክል ነው፣ መነጽር ያደበዝዛል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ሻርፕ ጠምጥሞ ቢያየው በሁሉም ፊት አስወልቆ "ዓይንህን ልታጠፋ ነው? ሰው ልትገድል ነው?" ብሎታል። እሱ ራሱ። በዚህ አፉ።

"የሩስ!" ብሎ ጮኸ። "የሩስ!"

"እዚህ ናት!" አለች ቢሊሴ፣ አንድ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ።

ኢየሩሳሌም ከወደቀ ግንድ ሥር ተንበርክካለች። ማስኩ በረዶው ላይ ተገልብጧል። ሁለት እጇን ከነጓንቱ ቀኝ ዓይኗ ላይ ጭና፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከጓንቱ ሥር ቀጭን ደም ወርዷል።

"አሳይኝ። እጅሽን አንሺ።"

አልተንቀሳቀሰችም።

"እናቴ፣ እባክሽ አሳይኝ። የቱ ጋ ነው? ይታይሻል?"

"አልችልም... አልችልም..."

እጇን ሊያነሳ ሳበ፤ የባሰ ጫነችው። ሳህሉ እዚያው በረዶው ላይ ወደቀ። ቋንቋው ሁሉ ጠፍቶ አንድ ነገር ብቻ ቀረው። "እመቤቴ ማርያም፣ የኔን ውሰጂ። ሁለቱንም ውሰጂ። አሁኑኑ ውሰጂና የሷን ተይልኝ።" ድምፁን ከፍ አድርጎ ይሁን በልቡ ብሎት ይሁን አላወቀም። ቢሊሴ ስታለቅስ አየ፤ ስለዚህ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳይሆን አይቀርም።

ዳኛዋ ደረሰች። ስድሳ የተጠጋች፣ ፈርጠም ያለች፣ ሃያ ዓመት አምቡላንስ ላይ የሠራች ሴት ናት። መጀመሪያ መነጽር አውጥታ ለሳህሉ ወረወረችለት።

"አንተ ይህን አድርግ። ከዚያ እጇን ልቀቅ።"

ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ከኋላ የደረሰው ኤጀታ አደረገለት፤ ለሕፃን እንደሚያደርጉት፣ ላስቲኩን ከጆሮው በላይ እያሳለፈ።

ዳኛዋ በረዶው ላይ ተንበረከከች እንጂ ልጅቷን አልነካቻትም። "ማንም አይስብሽም" አለቻት ቀስ ብላ። "ከኔ ጋር ተንፍሺ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስትፈልጊ ታነሺዋለሽ።"

ዳኛዋ ቆጠረች፤ ደገመች። ሳህሉ ልጁ ስትወለድ እንኳ እንዲህ አልጠበቀም።

እጇ ተነሳ።

ጉንጯ አጥንት ላይ፣ ከዓይኗ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ፣ ምስር የምታህል ቁስል። ዓይኗ ቀይ ነው፤ እንባ ሞልቶታል፤ ግን ዓይን ነው። ሙሉ፣ ክብ፣ የገዛ ዓይኗ። ዳኛዋ ባትሪ አበራችበት፣ ግራ ቀኝ አስኬደችው።

"ይህ ስንት ጣት ነው?"

"ሁለት።"

"አሁንስ?"

"አሁን ምንም ጣት አላሳየሽኝም" አለች ኢየሩሳሌም።

"ደህና ናት" አለች ዳኛዋ ወደ ሳህሉ ዞራ። "ግን ሰምተኸኛል? ዛሬም ሆነ ነገ ዓይኗን ካመማት ወይም ከደበዘዘባት፣ ቤት አይደለም፣ ኢመርጀንሲ ነው።"

ሳህሉ ራሱን ነቀነቀ። ኤጀታ በብብቱ ገብቶ አነሳው።

*

ድንኳኑ ውስጥ ዳኛዋ ነጠላውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ረጥቦ፣ በረዶ ሆኖ፣ እንደ ካርቶን ቆሟል። ኢየሩሳሌም ጉንጯ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይዛለች።

"ስፈትሽሽ ይህ አልነበረም።"

"መነጽሩ ጉም ሆነ" አለች ልጅቷ። "ነጭ ብቻ ሆነብኝ። ምንም ማየት አቃተኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ... ሳላስበው አወለቅሁት።"

"እሱማ ገብቶኛል። ማን ነው ያሰረው?"

ሳህሉ አፉን ከፈተ። ልጅቷ ቀደመችው።

"እኔ ነኝ።"

ዳኛዋ ረጅም ጊዜ አየቻት። "ከፍተሻ በኋላ ማስኩን የነካካ ተጫዋች እስከ ፀደይ ድረስ አይገባም። ይህን ታውቂያለሽ።"

ኢየሩሳሌም ራሷን ነቀነቀች። አልተከራከረችም። ጓንቷን ጣት በጣት ማውለቅ ጀመረች፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ሳህሉ ያንን ፊት ያውቀዋል። በግንቦት ያየው ፊት ነው። ዓይኑ እያየ ልጁ ወደዚያ ክፍል እየተመለሰች ነው፤ ያውም ለሱ ብላ።

"ኖ" አለ። እንግሊዝኛው ሲደነግጥ ይሸሸዋል፤ የተገኘውን ያዘ። "እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። አይሆንም ብላኝ ነበር።"

"አባ፣ ስቶፕ።"

"እኔ ነኝ ያሰርኩት። ከፍተሻው በኋላ፣ መኪናው ጋ።"

"ገለጻው ላይ ነበርክ" አለች ዳኛዋ።

"ነበርኩ።"

"ገብቶህ ነበር?"

"ራሴን ነቅንቄያለሁ።" ሳህሉ ነጠላውን አየ። "ገብቶኝ ነበር። ሥራዬ ላይ ይህንኑ ለሰው አስተምራለሁ። ግን የኔ ልጅ ስትሆን... ነፋሱን ብቻ ነው ያየሁት።"

"ያለ መነጽርም ሜዳ ገባህ።"

"ገባሁ።"

"እዚያ ውስጥ አርባ ሰው አለ። አንዱ ጩኸቱን ባይሰማ ኖሮ ዛሬ የማክመው አንተን ነበር።" ከመሳቢያ ወረቀት አወጣች። "እንግዲያስ የምትወጣው አንተ ነህ። አሁን ግቢውን ትለቃለህ፤ በዚህ ክረምትም አትመለስም። እሷ አሥራ ስምንት ስላልሞላች ብቻዋን አትቀርም። ሌላ አዋቂ ኃላፊነት ከወሰደና አንተ ከፈረምክ ግን መቆየት ትችላለች።"

"እኔ አለሁ" አለ ኤጀታ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ሳህሉ ወደ ልጁ ዞረ። ያለ የሌለ ስሜቱ ቤት፣ ቤት ይለዋል። መኪናው ውስጥ አስገብቶ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ በሩን ቆልፎ፤ ለቲጂ የሚነግራት ነገር ራሱ ገና አልተገኘም።

"የሩስዬ፣ እንሂድ? ለዛሬ ይበቃል። ሌላ ቀን..."

ሌላ ቀን እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

ኢየሩሳሌም በረዶውን ከጉንጯ አወረደች። አባቷ በአማርኛ ሲጠይቃት በእንግሊዝኛ መመለስ ልማዷ ነው። አሁን ግን ቃሉን እየፈለገች፣ እንደ ከባድ ዕቃ እያነሳች፣ "መጫወት... እፈልጋለሁ" አለች።

እፈልጋለሁ። ስምንት ወር ምግብ አልፈለገችም፣ ሰው አልፈለገችም፣ መጋረጃ እንዲገለጥ አልፈለገችም። ሳህሉ ወደ ዳኛዋ ዞረ።

"ዛሬ... ይሆናል?"

"አንድ ሰዓት እዚህ ትቀመጣለች። ከዚያ ዓይኗን ደግሜ አያለሁ። ንጹሕ ከሆነ፣ ጉም የማይዝ ማስክ ከኔ ትወስዳለች። ካልሆነ ራሴ ነኝ የማስቆማት።"

"ሳህሉ፣ ወንድሜ" አለ ኤጀታ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልጨመረበትም። "ሐኪም ቤት የሚያስፈልጋት ከሆነ ካንተ በፊት እኔ እነዳለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ሥራዬ ነው።"

እስክሪብቶው ቀዝቅዞ አልጽፍ አለ። ሳህሉ በመዳፎቹ መሃል ይዞ ተነፈሰበት። ደግሞ ሞከረው። ከልጁ ስም ጎን ኃላፊ በሚለው ቦታ "ኤጀታ" ብሎ ጻፈ፤ ከታች ፈረመ። ፊርማው የሱ አይመስልም።

"አባ" አለች ኢየሩሳሌም። "አይም ኦኬ።"

"አውቃለሁ" አለ፤ አያውቅም።

ሊወጣ ሲል አየው። የጃኬቷ ዚፕ እስከ ደረቷ ወርዷል። አንገቷ ባዶውን ነው። የድንኳኑ በር በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ እየገባ የአንገትጌዋን ጫፍ ያራግባል፤ እሷ ግን ከቢሊሴ ጋር አንገት ለአንገት ገጥማ ቁስሏን በስልክ ፎቶ እያነሳች ነው፣ አልተሰማትም። የሳህሉ እጅ ሳያዘው ተነሳ። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደ።

ቆመ። እጁን መለሰና ኪሱ ውስጥ ከተተው። እንዳይወጣም በቡጢ ጨብጦ ያዘው። ከዚያ ወጥቶ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ፣ ወደ ግቢው በር ሄደ።